ጓሮው ራሱ ጎተራ፦ የጓሮ ምርት አመራረትና አቆያየት በቦንጋና በካፋ

በካፋ ዞን የጓሮ እርሻ ዋና ፈተና ማብቀል አይደለም፤ የበቀለውን ማቆየት ነው። ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ግድም ላይ በምትገኘው ቦንጋና በዙሪያዋ ባሉት ወረዳዎች ዝናብ ጨርሶ የማይጥልበት ወር ጥቂት ነው። ከመጋቢት አካባቢ ጀምሮ እስከ ጥቅምት ይዘንባል፤ ክረምቱ ሲበረታ ሰማዩ ለቀናት አይገለጥም። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው በጋ እንኳ ጠል አያጣውም። እንዲህ ባለ አገር የተተከለ ብዙው ይጸድቃል፤ የተነቀለና የተከመረ ግን ቶሎ ይሻግታል፣ ይበቅላል ወይም ይነቅዛል። በደረቁ ደጋ እህልን አጭዶ፣ ወቅቶና በፀሐይ አድርቆ ጎተራ መክተት የዓመት ቀለብ ያቆያል። በካፋ ይህ መንገድ ብቻውን አያዋጣም። የአካባቢው ገበሬም በብዙ ትውልድ ልምድ ሌላ ሥርዓት ሠርቷል፦ ምርቱን ከነሕይወቱ መሬት ውስጥ ወይም ዛፍ ላይ ያቆየዋል፤ ተነቅሎ የሚዘጋጀውን በጉድጓድ ያብላላዋል፤ የቀረውን በምድጃ ሙቀትና ጭስ ያደርቀዋል። ሦስቱም የሚታሰቡት ከመከር በኋላ ሳይሆን ችግኙ ከመተከሉ በፊት ነው። የካፋን ጓሮ ለማወቅ የሚሻ ሁሉ ከዚህ መነሳት አለበት።

ከሌላው ዓለም ጋር ሲነጻጸር ነገሩ ይበልጥ ይጠራል። በእንግሊዝ የከተማ ነዋሪዎች ከማዘጋጃ ቤት የሚከራዩት የአትክልት ቦታ በልማድ 250 ካሬ ሜትር ያህል ስፋት አለው። እዚያ የክረምቱ ብርድ ለወራት ብዙም ስለማያበቅል፣ በሞቃቱ ወቅት የተለቀመውን ፍሬ በስኳር ቀቅሎ፣ ቅጠላ ቅጠሉን በኮምጣጤ ዘፍዝፎ፣ ሌላውንም በጠርሙስ አሽጎ ማሳለፍ የቤተሰቡ የዓመት ሥራ ነበር። ምግብን አሽጎ በማፍላት የማቆየት ዘዴ በፈረንሳዊው ኒኮላ አፔር መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1810 ከታተመ ወዲህ በነዚያ አገሮች ቤት ለቤት የተስፋፋውም ብርዱ ስላስገደደ ነው። በካፋ መሬቱን የሚያስር ብርድ የለም፤ ጠላቱ እርጥበት ነው። ስለዚህ ከማሸግ ጥበብ ይልቅ የሚፈለገው የትኛው ተክል እስከ መቼ ሳይነቀል መቆየት እንደሚችል ማወቅ ነው።

የስፋቱ ነገርም አብሮ ይነሳል። እ.ኤ.አ. በ1997 ስቲቨን ብራንትና ባልደረቦቻቸው ስለ እንሰት ባሳተሙት ሰፊ ጥናት፣ ከ250 እስከ 375 ካሬ ሜትር መሬት ላይ የሚተከሉ ከ40 እስከ 60 እንሰቶች አምስት ወይም ስድስት ነፍስ ላለው ቤተሰብ የሚበቃ ምግብ ሊሰጡ እንደሚችሉ ገምተዋል። ከአንድ እስከ አንድ ተኩል የእንግሊዝ የአትክልት ቦታ የሚያህል መሬት ማለት ነው። ግምቱ ግን ሆድን ስለመሙላት እንጂ ስለተሟላ ምግብ አይናገርም። ከእንሰት ተብላልቶ የሚዘጋጀው ቆጮ ጉልበት ሰጪ ቢሆንም ፕሮቲኑ እጅግ ጥቂት ነው፤ በካፋ ጓሮ እንሰት ብቻውን የማይተከለውም በከንቱ አይደለም።

ጓሮው ከቤቱ ደጃፍ ይጀምርና እየራቀ ሲሄድ ይለዋወጣል። ለግድግዳው ቅርብ የሆነው ቦታ በየዕለቱ ለሚቀነጠሱት ነው፦ ጤና አዳም፣ በሶብላ፣ ኮሰረት፣ ዳማከሴ፣ ሚጥሚጣ። ከእነሱ ቀጥሎ ጎመን፣ ዱባና አደንጓሬ ይመጣሉ። ከቤቱ ጀርባና ጎን እንሰቱ ጥቅጥቅ ብሎ ይቆማል፤ በእግሩ ሥር ጎደሬ፣ በዳር ባለው ዛፍ ወይም እንጨት ላይ ቦዬ ይወጣል። እንሰቱን አልፎ በዋንዛ፣ በብርብራና በሳሳ ጥላ ሥር ቡናው አለ፤ ከቡናው ሥር ኮረሪማ። የበቆሎ፣ የማሽላና የጤፍ ማሳ ከዚያ ይርቃል። ከማሳው ወዲያ ጫካው ይቀጥላል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2010 የመዘገበው የካፋ ባዮስፌር ሪዘርቭ የተጠበቀውን ደን ብቻ ሳይሆን ሰው የሚኖርበትንና የሚያርሰውን መሬትም ያቅፋል። ይህ አከላለል ለእውነታው የቀረበ ነው፤ ቡናውም፣ ኮረሪማውም፣ ጥምዙም ከጫካ የመጡና ዛሬም በጫካ የሚገኙ ናቸው። ጓሮውና ደኑ በአጥር ቢለዩም በዘር አልተለዩም።

የአካባቢው አፈር በብዙ ቦታ ቀይና ጥልቅ ነው። ዝናቡ ማዕድኑን እያጠበ ስለሚወስደው አሲዳማነት ያጠቃዋል፤ የለማ የሚመስለው መሬት ደኑ ከተመነጠረና ለጥቂት ዓመታት ከታረሰ በኋላ ቶሎ ይደክማል። ጓሮው ከማሳው የሚለየው በዚህ ነው። የከብቱ ፍግ፣ የቤቱ ጥራጊ፣ የምድጃው አመድና የወጥ ቤቱ ልጣጭ ሁሉ በየቀኑ ወደ እንሰቱ ሥር ይወርዳል። አመድ አሲዱን ያለዝባል፤ ፍግና ብስባሹ አፈሩን ያላላዋል። እንሰት በቤቱ ዙሪያ የሚተከለው ለጠባቂ ዓይን ስለሚቀርብ ብቻ አይደለም፤ ፍግ በጀርባና በእጅ የሚጓጓዝ ከባድ ነገር ስለሆነ ሩቅ ያለ ማሳ አይደርሰውም። ያረጀ የእንሰት ቅጠልም ተቆርጦ እዚያው ይጎዘጎዛል፤ ዝናቡ አፈሩን እንዳይመታውና አረም እንዳያይል ይከላከላል። ከብቱን ሸጦ እንሰቱን ለማቆየት የሚሞክር ቤተሰብ በጥቂት ዓመት ውስጥ ግንዱ ሲቀጥንበት ማየቱ አይቀርም።

እንሰት የሚባዛው በአብዛኛው በዘር ሳይሆን ከእናት ተክል በሚወጣ ቡቃያ ነው። ገና ያልጎመራ ጤናማ ተክል ይመረጣል፤ ግንዱ ከመሬት ጥቂት ከፍ ተደርጎ ይቆረጥና የመካከሉ ማደጊያ እምብርት ተፈልፍሎ ይወጣል። ይህ ካልተደረገ ተክሉ ያንኑ አንድ ግንድ መልሶ ያበቅላል። እምብርቱ ሲወጣ ግን በአሚቾው፣ ማለትም በመሬት ውስጥ ባለው የተክሉ ወፍራም መሠረት፣ ዙሪያ የተኙት ዓይኖች ይነቃሉ። አሚቾው እንዳለ ወይም ተከፍሎ፣ ቁስሉ ጥቂት እንዲደርቅ ከተተወ በኋላ፣ ፍግ በተደባለቀበት ጉድጓድ ይቀበራል። ዝናቡ ሲገባ በጥቂት ወር ውስጥ ቡቃያው ይወጣል፤ ከአንድ አሚቾ አርባም ከመቶ በላይም ቡቃያ ሊገኝ ይችላል። እነዚህ ዓመት ያህል አብረው ካደጉ በኋላ ተነጣጥለው በረድፍ ይተከላሉ። በአንዳንድ የእንሰት አገር ችግኙ ከመጨረሻው ቦታ ከመድረሱ በፊት ሁለትና ሦስት ጊዜ ይዛወራል። እያንዳንዱ ዝውውር ዕድገቱን ለጊዜው ቢገታውም፣ ትንንሾቹ በጠባብ ቦታ ተጠጋግተው እንዲቆዩ ስለሚያደርግ መሬት ይቆጥባል።

ከዚህ በኋላ ያለው መጠበቅ ነው፤ ጓሮው ጎተራ የሚሆነውም በመጠበቁ ነው። እንሰት እንደ ከፍታው፣ እንደ ዘሩና እንደ እንክብካቤው ከሦስት እስከ ሰባት ዓመት ገደማ ይፈጅበታል፤ በቆላ ይፈጥናል፣ በደጋ ይዘገያል። ሆኖም እንደ ስንዴ አንድ የአጨዳ ሳምንት የለውም። ቤተሰቡ ከተቸገረ ሳይጎመራም ይነቀላል፣ ምርቱ ያንሳል እንጂ አይጠፋም፤ ካልተቸገረ ለተጨማሪ ዓመት ይተወዋል። የመጨረሻው ገደብ አበባው ነው። እንሰት በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ ያብባል፤ አበባውና ፍሬው ሲያድጉ በግንዱና በአሚቾው የተከማቸውን ስታርች ስለሚስቡት፣ ከዚያም ተክሉ ስለሚሞት፣ የአበባው ምልክት እንደታየ መንቀል ይገባል። እንግዲህ በአንድ ጓሮ የዘንድሮ ችግኝ፣ የሁለት፣ የሦስት፣ የአራትና የአምስት ዓመት ተክል በየረድፉ ካለ፣ በየዓመቱ የሚደርስና በክፉ ዓመት ሊነካ የሚችል ተጠባባቂ አለ ማለት ነው። ጎተራው የሚራቆተው ምርት በጠፋበት ዓመት ሳይሆን ተከላው በተዘለለበት ዓመት ነው፤ ጉድለቱ የሚታየው ግን ከብዙ ዓመት በኋላ ስለሆነ ምክንያቱ ይረሳል።

የመፋቁ ሥራ ዝናቡ ሲቀንስ ይቀላል። ወንዶች ቆፍረው ከጣሉት በኋላ ቀሪው ሥራ በአብዛኛው በሴቶች እጅ ነው። የግንዱ ድርብርብ ቅጠል አንድ በአንድ ይላጣል፤ እያንዳንዱ በተጋደመ ጣውላ ላይ ይያዝና በተሰነጠቀ ቀርከሃ ይፋቃል። ለስላሳው ሥጋ ወደ ታች ይወርዳል፤ በእጅ የሚቀረው ቃጫ ታጥቦና ተሰጥቶ ለገመድና ለከረጢት ይሆናል። አሚቾው ጥርስ ባለው መሣሪያ ተፈቅፍቆ ከፍቁ ጋር ይደባለቃል። ከፍቁ የሚጨመቀው ወተት የመሰለ ውኃ በቅጠል በተነጠፈ ጉድጓድ ወይም በዕቃ ይጠራቀማል፤ ሲያድር ነጩ ስታርች ይዘቅጥና ውኃው ከላይ ይደፋል። የዘቀጠው ቡላ ነው። ከወጣት ተክል የተገኘ አሚቾ ደግሞ ሳይብላላ እንደ ድንች ተቀቅሎ ይበላል። ሥራው ከባድ ነው። ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብሎ ወይም መሬት ተቀምጦ መፋቅ ወገብንና ክንድን ይጎዳል። አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲን የመሰሉ ተቋማት የመፋቂያና የመፈቅፈቂያ መሣሪያ እንዲሁም የተዘጋጀ እርሾ ለማቅረብ የሞከሩት ይህን ጫና ለመቀነስ ነው። ለካፋ ጓሮ ከሚታሰቡ ማሻሻያዎች ሁሉ ቅድሚያ የሚገባው ይኸኛው ነው፤ እንሰት እየተተወ ያለባቸው ቤቶች ብዙ ጊዜ መሬት ሳይሆን ጉልበት ያጡ ናቸው።

የተፋቀው ክምር ቅጠል በተነጠፈበት ጉድጓድ ይገባል። ከቀድሞው ቆጮ የተረፈ ጥቂት እርሾ ይጨመርበታል፤ ከዚያ በብዙ ድርብ ቅጠል ተሸፍኖ ድንጋይ ይጫንበታል። ጭነቱ አየርን ያስወጣል፤ አየር የማይሹት ላክቲክ አሲድ ሠሪ ባክቴሪያዎችም የበላይነቱን ይይዛሉ። አሲዱ ሲጨምር ምግብ የሚያበላሹትና በሽታ የሚያመጡት አብዛኞቹ ጀርሞች መኖር ያቅታቸዋል። የአሲድ መለኪያው፣ ፒኤች የሚባለው፣ ከ4.6 በታች ሲወርድ እጅግ አደገኛ የሆነው የቦቱሊዝም ባክቴሪያ እንኳ አያድግም፤ በደንብ የተብላላ ቆጮ ከዚህ በታች ወደ 4 ይጠጋል። በሞቃት ቦታ ሳምንታት፣ በብርዳማ ቦታ ወራት ይበቃዋል። ከዚያ በኋላ ቅጠሉ በየጊዜው እየተቀየረ፣ ክምሩም እየተገላበጠ ከቆየ ዓመትና ከዚያም በላይ ይዘልቃል። የሚበላሸው ብዙ ጊዜ ከላይና ከዳር ነው፤ ቅጠሉ ተቀዶ አየር ወይም የዝናብ ውኃ የገባበት ክፍል ይሻግታል። ስለዚህ ጉድጓዱ ጎርፍ በማይደርስበት ከፍ ያለ ቦታ ይቆፈራል፤ ሲወጣም ለጊዜው የሚበቃው ተወስዶ ቀሪው ወዲያው ይከደናል። ለመጋገር የወጣው ውኃው ይጨመቃል፣ ቀሪ ቃጫው እንዲደቅ በቢላ ይከተከታል፣ ከዚያ በምጣድ ይጋገራል።

የዚህ ጎተራ ትልቁ ጠላት አጠውላጊው የባክቴሪያ በሽታ ነው። ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ የበሽታውን ምንነት ለሳይንሱ ዓለም ያስተዋወቁት እ.ኤ.አ. በ1968 ሲሆን ከስድስት ዓመት በኋላ ሙዝንም እንደሚያጠቃ ጻፉ። እ.ኤ.አ. በ2001 በኡጋንዳ የሙዝ እርሻ ላይ ተገኝቶ በምሥራቅና በመካከለኛው አፍሪካ ተዛመተ። መጀመሪያ የመካከለኛው ቅጠል ይወይብና ይጠወልጋል፤ ግንዱ ሲቆረጥ ቢጫማ ዝልግልግ ፈሳሽ ይወጣዋል። መድኃኒት የለውም። የሚተላለፈው በብዛት በሰው እጅ ነው፦ የታመመውን በቆረጠ ቢላ ጤናማውን መቁረጥ፣ ከታመመ ጓሮ ችግኝ መውሰድ፣ የታመመውን ቅጠል ለከብት መስጠት። ስለዚህም ቢላው በእሳት ይለበለባል ወይም በበረኪና ይታጠባል፤ የታመመው ተክል ከነሥሩ ተነቅሎ ከጓሮው ርቆ በጥልቀት ይቀበራል፤ በቦታው እንሰትም ሙዝም ለጊዜው አይተከልም። የአንዱ ቤት ጥንቃቄ ብቻውን ዋጋ የለውም፤ ጎረቤት በአንድ መፋቂያና በአንድ ቢላ ስለሚረዳዳ በሽታውን መግታትም የጎረቤት ሁሉ ስምምነት ይፈልጋል። ከበሽታው ሌላ ፍልፈል ከሥር፣ ጃርትና የዱር አሳማ ከላይ ያጠቁታል፤ ለጫካ ቅርብ የሆነ ጓሮ ሌሊት ጠባቂ ካላገኘ ብዙ ያጣል።

በሽታውን ለመቋቋም ከሚረዱት አንዱ የዘር ብዛት ነው። በካፋና በጎረቤቷ ሸካ ዞን ያለ ገበሬ በጓሮው ብዙ ዓይነት እንሰት ለይቶ ያውቃል፦ ለአሚቾ የሚሆነው፣ ቡላው የሚበዛው፣ ቃጫው የሚጠነክረው፣ ፈጥኖ የሚደርሰው፣ በሽታን የሚችለው። አልማዝ ነጋሽ እ.ኤ.አ. በ2001 ለዋግኒንገን ዩኒቨርሲቲ ያቀረቡት የዶክትሬት ጥናት በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ያለውን ይህን ብዛትና ከቤተሰብ ምግብ ጋር ያለውን ግንኙነት የመረመረ ነው። በሞለኪውል ደረጃ የተደረገው ንጽጽር በተለያየ ስም ከሚጠሩት ውስጥ አንዳንዶቹ አንድ መሆናቸውን ቢያሳይም፣ ቀሪው ብዛት ሰፊ መሆኑን አረጋግጧል። አንድ ዓይነት ብቻ መትከል፣ ያ ዓይነት የቱንም ያህል ምርታማ ቢሆን፣ ለበሽታ በር ይከፍታል።

ከእንሰት ቀጥሎ የመሬት ውስጥ ጎተራ የሚሆኑት ሥራ ሥሮቹ ናቸው። ጎደሬ እርጥብና ጥላማ ቦታ ይስማማዋል፤ በዝናብ መግቢያ ተተክሎ ክረምቱ ሲወጣ መቆፈር ይጀምራል። ቤተሰቡ የዕለቱን ብቻ እየቆፈረ ቀሪውን በበጋው ውስጥ እዚያው ይተወዋል። ከመሬት የወጣ ጎደሬ በሳምንታት ውስጥ ይበሰብሳል፤ መሬት ውስጥ ያለው ግን ውኃ እስካልተኛበት ወራት ይቆያል። ጥሬው ምላስንና ጉሮሮን የሚያሳክከው በውስጡ ባለው የካልሲየም ኦክሳሌት መርፌ መሰል ቅንጣት ስለሆነ በደንብ መቀቀል አለበት። ቦዬ ደግሞ ሁለት ጊዜ ይሰበሰባል። በደቡብ ኢትዮጵያ በተለመደው ዘዴ አፈሩ በጥንቃቄ ተገልጦ ትልቁ ሥር ይቆረጣል፤ አናቱና ሐረጉ ሳይነካ አፈር ይመለስበታል። ሐረጉ እስኪደርቅ ድረስ ተክሉ ትንንሽ ሥሮችን ያወጣል፤ እነዚያ ለሚቀጥለው ዓመት ዘር ይሆናሉ። የመጀመሪያው ለማዕድ፣ ሁለተኛው ለተከላ፤ ዘርን ከረኀብ የሚጠብቅ ብልህ አሠራር ነው። የአበሻ ድንች፣ በሌላ ስሙ የወላይታ ድንች፣ እንዲሁ መሬት ውስጥ ቆይቶ እየተቆፈረ ይበላል። መጤው ድንች ግን ይህን አይችልም፤ ከደረሰ በኋላ በእርጥብ መሬት ከተተወ ይበሰብሳል። ለምግብ የሚሆነው በጨለማና አየር በሚዘዋወርበት ቦታ ይቀመጣል፤ ብርሃን ካገኘው አረንጓዴ ሆኖ መርዛማ ይሆናል። ለዘር የሚሆነው በተቃራኒው የተበተነ ብርሃን በሚያገኝበት መደርደሪያ ላይ ቢሰጥ አጭርና ጠንካራ ጉንቁል ያወጣል።

ጎመን የሚቆየው በአቆራረጥ ነው። የታችኛው ቅጠል ብቻ ከተቀነጠሰና ጫፉ ካልተነካ አንዱ ተክል ለብዙ ወር ይመግባል። ዱባ ሲደርስ ከነዘንጉ ይቆረጥና ልጣጩ እንዲጠነክር ለጥቂት ቀን በደረቅ ቦታ ይተዋል፤ እንዲህ የተደረገው ሳይነካካ ቆጥ ላይ ወራት ይቀመጣል፣ ዘንጉ የተነቀለው ግን በዚያው ይበሰብሳል። ለዚህ አገር እጅግ የሚስማማው የፍሬ ዛፍ አቮካዶ ነው። አቮካዶ ዛፉ ላይ እያለ አይበስልም፤ የሚለሰልሰው ከተቀጠፈ በኋላ ነው። እናም ፍሬው ካደገ በኋላ ለሳምንታት ዛፉ ላይ ትቶ በየጊዜው የሚፈለገውን ብቻ ማውረድ ይቻላል፤ ዛፍ ላይ ያለ ጎተራ ነው። ሁሉንም በአንድ ቀን አራግፎ ገበያ ማውጣት ይህን ጸጋ ማባከን ይሆናል። ቲማቲምና ጥቅል ጎመን በካፋ እርጥበት በቀላሉ የማይቆዩ ስለሆኑ በትንሽ በትንሹ፣ በየሁለት ሦስት ሳምንቱ እያፈራረቁ መትከል ከማቆያ ዘዴ ሁሉ የተሻለ ነው።

ቅመሞቹ ሌላ ሥርዓት አላቸው። ኮረሪማ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ተወላጅ ነው፤ ጥላና እርጥበት ያለበትን የደን ሥር ይወዳል፤ ከሥሩ ተከፍሎ ይተከልና ከጥቂት ዓመት በኋላ ከመሬት አቅራቢያ ፍሬ ይይዛል። ፍሬው ሲቀላ ይለቀማል። አረንጓዴው ቀድሞ ከተለቀመ ዘሩ ሳይሞላ መዓዛውም ሳይደርስ ይቀራል፤ ሌባ ወይም ዝንጀሮ እንዳይቀድም ተብሎ የሚደረገው ጥድፊያ ጥራቱን ያጠፋዋል። ከዚያ በፀሐይ ይሰጣል፣ ወይም ተበስቶ በገመድ ተሰክቶ ከምድጃ በላይ ይንጠለጠላል። ሲደርቅ ከነቅርፊቱ ይቀመጣል፤ ቅርፊቱ መዓዛውን ስለሚጠብቀው የሚፈለፈለው በሚወቀጥበት ቀን ነው። ጥምዝ፣ ቁንዶ በርበሬ መሰሉ የጫካ ቅመም፣ ከዱር ተለቅሞ በጭስና በእሳት ሙቀት ይደርቃል፤ የሚታወቅበት የጭስ መዓዛም የመጣው ከዚሁ ነው። ዝንጅብልና እርድ ከነአፈራቸው መሬት ውስጥ ሊቆዩ ይችላሉ። ዝንጅብልን እ.ኤ.አ. ከ2012 ገደማ ጀምሮ በደቡብ ኢትዮጵያ የመታው የባክቴሪያ አጠውላጊ በሽታ ግን በዘር ሥሩ ስለሚተላለፍ፣ ከማይታወቅ ቦታ የመጣ ዝንጅብል መትከል ለጓሮው አደጋ ነው።

ከጓሮው ዳር ያለው በቆሎ እሸቱ ከተበላ በኋላ ቀሪው መድረቅ አለበት። ለማከማቸት የእርጥበቱ መጠን ወደ 13 በመቶ መውረድ ይኖርበታል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ሻጋታው አፍላቶክሲን የሚባለውን ጉበት የሚጎዳ መርዝ ሊፈጥር ይችላል፤ ይህ መርዝ በመቀቀል አይጠፋም። በካፋ ይህን ልክ በፀሐይ ብቻ ማግኘት አስቸጋሪ ስለሆነ የበቆሎ ራስ ከነልባሱ ተቋጥሮ ከምድጃ በላይ ይሰቀላል። ሙቀቱ ያደርቀዋል፤ ጭሱ ነቀዙን ያርቀዋል። ጭስ የማያወጣ ምድጃ ለዓይንና ለሳንባ ጤና የሚበጅ መሆኑ አያጠያይቅም፤ ግን ሲገባ የቆጡ ማድረቂያ ሥራው ስለሚቆም፣ የዘር በቆሎና ቅመም ማድረቂያ ቦታ አብሮ መታሰብ አለበት። የደረቀውን በቆሎ አየር በማያስገባ ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት ማሰር ጠቃሚ ነው፤ ውስጡ ያለው ነቀዝ ኦክስጅኑን ጨርሶ ይሞታል። እርጥቡን በቆሎ እዚያ ማሰር ግን ሻጋታውን ማባባስ ነው። በማሳም ሳለ መጤው ተምች አለ፤ በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. በ2017 በካፋ ጎረቤት በሸካ ዞን የኪ ወረዳ ነበር። በትንሽ ጓሮ ጠዋት ጠዋት ቅጠሉን ገልጦ እንቁላሉንና ትሉን በእጅ መልቀም ከመርጨት ይቀድማል።

ቡናና ማር የዚህ ጓሮ የገንዘብ ምንጮች ናቸው። ቡናው ቀይ ሲሆን ብቻ ተለቅሞ ከመሬት ከፍ ባለ አልጋ ላይ ይሰጣል፤ እርጥበቱ ወደ 11 ወይም 12 በመቶ እስኪወርድ ይገላበጣል፣ ማታና ዝናብ ሲመጣ ይሸፈናል። ማር በራሱ የማይበላሽ ምግብ ነው፤ ውኃው ከ20 በመቶ ካለፈ ግን ይፈላል። በሰም ያልታሸገ እንጀራ መቁረጥና የማር ዕቃን ክፍት መተው፣ ማር የአየሩን እርጥበት ስለሚስብ፣ በካፋ ከሌላው አገር የበለጠ ጉዳት ያመጣሉ።

ቦንጋ እ.ኤ.አ. በ2021 የተመሠረተው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል የፖለቲካ መቀመጫ ከሆነች ወዲህ የከተማው ጓሮ ጉዳይ አዲስ ክብደት አግኝቷል። ቦታ ሲጠብ መጀመሪያ የሚነቀለው እንሰት ነው፤ ሰፊ ቦታ ይይዛል፣ ዓመታት ያስጠብቃል፣ ጎረቤትን ያጠላል ይባላል። በምትኩ ፈጣን አትክልት ይገባል። ሰላጣና ጥቅል ጎመን ለሦስት ሳምንት ያበላሉ፤ ዋጋ በሚንርበት ወር ግን ምንም አያቆዩም። ለጠባብ ግቢ የሚሻለው መደባለቅ ነው፦ በአጥሩ ዳር በተለያየ ዕድሜ ያሉ ጥቂት እንሰቶች፣ በውኃ መውረጃው አጠገብ ጎደሬ፣ በአጥሩ ላይ ቦዬ፣ አንድ አቮካዶ ከቤቱ ራቅ ብሎ፣ ከኩሽናው በር ፊት ጎመንና ቅመም። ፍግ በማይገኝበት ግቢ የወጥ ቤት ልጣጭን በጉድጓድ አበስብሶ መጠቀም ይቻላል። ለቆጮ የሚሆን ጉድጓድ ከመጸዳጃ ጉድጓድ ርቆና በአቀበቱ በኩል መቆፈር አለበት፤ በከተማ ይህ ካልተቻለ በቅጠል ተነጥፎ ክዳኑ በሚገጥም ንጹሕ በርሜል ማብላላት ይቻላል፤ ዋናው አየር አለመግባቱ ነው።

የመጨረሻው የማቆየት ሥራ የዘር ነው። የጎመን ዘር ቆቡ ሲወይብ ከነዘንጉ ተቆርጦ በጥላ ይደርቅና በጨርቅ ተቋጥሮ ከምድጃ ራቅ ያለ ደረቅ ቦታ ይንጠለጠላል፤ ከመጠን ያለፈ ሙቀት የመብቀል ኃይሉን ይገድላል። የበቆሎ ዘር ከትልልቆቹ ራሶች መካከለኛ ክፍል ይመረጣል። አደንጓሬ በአመድ ተለውሶ ይቀመጣል። በአዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ1976 የተቋቋመው የአገሪቱ የዘረመል ባንክ የእህልና የጥራጥሬ ዘርን አድርቆ በብርድ ለብዙ ዓመታት ሊያቆይ ይችላል። ለእንሰት፣ ለቦዬና ለጎደሬ ግን ይህ አይሠራም። እነዚህ የሚባዙት በአካላቸው ስለሆነ፣ ዓይነቱን ሳይለወጥ ማቆየት የሚቻለው በዋናነት እየተከሉ በማባዛት ነው። በወላይታ የሚገኘው የአረካ የግብርና ምርምር ማዕከል ከልዩ ልዩ አካባቢ የተሰበሰቡ እንሰቶችን በማሳ ላይ ተክሎ ይጠብቃል። ወደ ማዕከሉ ያልደረሱት የካፋ ዓይነቶች ያሉት በገበሬው ጓሮ ብቻ ነው፤ እዚያ የመጨረሻው ተክል ሳይባዛ ከተፋቀ ዓይነቱ አብሮት ያልቃል። ስለዚህ በየዓመቱ በበጋው ማብቂያ፣ ዝናቡ ከመግባቱ በፊት፣ ከእያንዳንዱ ዓይነት ቢያንስ አንድ ጤናማ አሚቾ ለቡቃያ ተለይቶ ይቀበራል።